ለስድስት ሳምንት ሃምሳ ዓመት፦ የሳንባ ካንሰር መድኃኒቶች እንዴት ተፈተኑ?

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። የሳንባ ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነቱ ክፍል የተሰራጨበት አንድ ሰው ሐኪሙ ፊት ተቀምጧል እንበል። ሐኪሙም እንዲህ ይለዋል፦ «ይህ መድኃኒት ያስመልስዎታል፣ ጸጉርዎንም ሊያረግፈው ይችላል። ከበሽታው ፈጽሞ አያድንዎትም። ነገር ግን የእርስዎ ዓይነት ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል የወሰዱት፣ ካልወሰዱት ይልቅ ስድስት ሳምንት ያህል ጨምረው ኖረዋል።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? አንዱ «ለስድስት ሳምንት ብዬ እንዲህ አልሰቃይም» ሊል ይችላል። ሌላዋ ደግሞ «ልጄ የምትመረቀው በሚቀጥለው ወር ነው፣ አሁኑኑ ጀምሩልኝ» ልትል ትችላለች። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሁለቱም ተረጋግተው መምረጥ የቻሉት ሐኪሙ የነገራቸው ቁጥር እውነት ስለሆነ ነው። ቁጥሩ እንዲሁ በግምት የተነገረ ቢሆን ኖሮ ምርጫቸውም ባዶ ላይ የቆመ ይሆን ነበር።

ያቺን ስድስት ሳምንት በእርግጠኝነት ለማወቅ ሃምሳ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ዛሬ የምናወራችሁ ይህንን ታሪክ ነው። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከመርዝ የተወለደ መድኃኒት

ታሪኩ የሚነሳው ኢትዮጵያውያን ከምናውቀው ክፉ ነገር ነው፤ ከሰናፍጭ ጋዝ። የፋሺስት ጣሊያን አውሮፕላኖች በ1935 እና 1936 ይህንን መርዝ በወታደሩም፣ በገበሬውም፣ በከብቱም ላይ አርከፍክፈውታል። ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ለዓለም የተናገሩትም ስለዚሁ መርዝ ነበር። ጋዙ ቆዳን ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ሳንባን ይጎዳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሌላ ጉዳት አለው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተጎጂዎችን ደም የመረመሩ ሐኪሞች ነጭ የደም ሕዋሳት በጣም ማነሳቸውን አይተዋል። መርዙ መቅኒ ውስጥ ገብቶ ቶሎ ቶሎ የሚባዙትን ሕዋሳት እየገደለ ነበር። እንግዲህ ካንሰርስ ምንድን ነው? ያለ ልክ የሚባዛ ሕዋስ አይደል?

በ1942 ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንን ሐሳብ ተከተሉ። የጋዙን የቅርብ ዘመድ፣ ናይትሮጅን ማስታርድ የተባለውን ኬሚካል፣ መጀመሪያ በአይጥ ላይ ሞከሩት። ቀጥሎም የንፍፊት ካንሰር ለጸናበት አንድ ሰው በደም ሥሩ እንዲሰጠው ተደረገ። ዕጢው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሟሟ! ደስታው ግን አልዘለቀም። ካንሰሩ ተመለሰ፣ ሰውየውም ሞተ። ጊዜው ጦርነት ስለነበር ሥራው ሁሉ በምስጢር ተይዞ ቆይቶ በ1946 ይፋ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው «ሌሎቹ ካንሰሮችስ?» ሆነ። በ1948 ኒው ዮርክ ውስጥ ዴቪድ ካርኖፍስኪ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይህንኑ መድኃኒት የሳንባ ካንሰር ለያዛቸው ሰዎች የሰጠበትን ውጤት አሳተመ። አንዳንዶቹ ሳላቸው ቀለል፣ ትንፋሻቸው ቀና አለላቸው። ለሳምንታት ብቻ።

ከዚያ ሥራ እስከ ዛሬ የተረፈን ግን መድኃኒቱ ሳይሆን መለኪያው ነው። ካርኖፍስኪ «ዕጢው በራጅ ላይ አነሰ» ማለት ብቻውን አልበቃውም። ሰውየው ሥራውን ይሠራል? ራሱ ይለብሳል? ወይስ አልጋ ላይ ነው? ብሎ ጠየቀ። ለዚህም ከ100 እስከ 0 የሚወርድ ሚዛን አበጀ። 100 ማለት ምንም የማያመው፣ 50 ማለት ብዙ እርዳታና ተደጋጋሚ ሕክምና የሚያስፈልገው፣ 0 ማለት ደግሞ የሞተ ነው። ሚዛኑ በስሙ ይጠራል፤ የካንሰር ሐኪሞች አሁንም ይጠቀሙበታል።

ሎተሪ የደረሳቸውን ብቻ መጠየቅ

አሁን አንድ ወጥመድ እናሳያችሁ። መቶ ታማሚዎች አንድ መድኃኒት ወሰዱ። የሃያዎቹ ዕጢ አነሰ፣ የሰማንያዎቹ አላነሰም። ሃያዎቹ ከሰማንያዎቹ ረዘም ላለ ጊዜ ኖሩ። ታዲያ መድኃኒቱ ዕድሜ አራዘመ ማለት ነው?

አይደለም! ቢያንስ ከዚህ ብቻ ተነስተን እንዲያ ማለት አንችልም። ምናልባት ሃያዎቹ ከመጀመሪያውም ጠንካሮች ነበሩ። ደግሞም «ዕጢው አነሰለት» ተብሎ ለመቆጠር ሰውየው እስከ ሁለተኛው ምርመራ ድረስ በሕይወት መቆየት ነበረበት። ቀድሞ የሞተው ሰው በራሱ ጊዜ «ካልተሳካላቸው» ወገን ይመዘገባል። ሎተሪ የደረሳቸውን ሰዎች ብቻ ጠይቆ «ሎተሪ ያዋጣል» እንደማለት ነው። የቀደሙት ዘመናት የካንሰር ጥናቶች ብዙዎቹ በዚህ ወጥመድ ወድቀዋል።

ከወጥመዱ መውጫው መንገድ የተገኘው ከሳንባ ነቀርሳ፣ ከቲቢ፣ ነው። በ1948 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ስትሬፕቶማይሲንን ሲፈትኑ ታማሚዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። 55ቱ መድኃኒቱን ከአልጋ ዕረፍት ጋር አገኙ፣ 52ቱ ዕረፍቱን ብቻ። በዚያን ወቅት መድኃኒቱ ለሁሉም የሚዳረስ አልነበረምና ማካፈያውም ዕጣው ሆነ። ከስድስት ወር በኋላ ከመጀመሪያዎቹ 4 ሰዎች፣ ከሁለተኞቹ 14 ሰዎች ሞተው ተገኙ።

ዕጣ ለምን አስፈለገ? ሐኪሙ ራሱ ቢመርጥ ኖሮ ሳይታወቀው ጠንካራውን ወደ አንዱ ወገን፣ ደካማውን ወደ ሌላው ሊያደላድል ይችላል። ዕጣ ግን ፊት አያይም። ሀብታም ድሃ፣ ብርቱ ደካማ፣ አጫሽ የማያጨስ፣ ሁሉም በሁለቱም ወገን ተመጣጥነው ይገባሉ። ስለዚህ በመጨረሻ ልዩነት ከተገኘ ልዩነቱን ያመጣው መድኃኒቱ ነው ብሎ ለመናገር ድፍረት ይኖረናል።

በሳንባ ካንሰር ይህንን መንገድ ቀድመው ከተከተሉት መካከል የአሜሪካ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታሎች ይገኛሉ። በ1969 ባወጡት ውጤት ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለው መድኃኒት ስሞል ሴል በሚባለው የሳንባ ካንሰር ዓይነት የታማሚዎቹን የመኖሪያ ጊዜ ከእጥፍ በላይ አሳደገ። እጥፍ ሲባል ግን አትታለሉ፤ ያኔም በወራት የሚቆጠር ነበር። ደግሞም ስሞል ሴል ጥቂቱ ነው። ከመቶ የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች 85 ያህሉ የሚይዛቸው ሌላው፣ ነን ስሞል ሴል የሚባለው ዓይነት ነው። እሱ ደግሞ ለመድኃኒቶቹ በቀላሉ የሚበገር አልሆነም።

አንድ ሲደመር አንድ

አንዱ መድኃኒት ካልቻለ ለምን ሁለት አይሆንም? ይህንንም ቀድሞ ያስተማረው ቲቢ ነው። ስትሬፕቶማይሲን ብቻውን ሲሰጥ ባክቴሪያው ይላመደው ነበር። በ1950 ግን ከሌላ መድኃኒት ጋር አብሮ ሲሰጥ መላመዱ በጣም ቀነሰ። ዛሬ በአገራችን ጤና ጣቢያዎች የቲቢ ሕክምና የሚጀምር ሰው በአንድ ፍሬ ውስጥ አራት መድኃኒት የሚውጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሂሳቡን እንየው። አንድ ግራም የሚመዝን ዕጢ ውስጥ አንድ ቢሊዮን ያህል ሕዋሳት አሉ። አሜሪካዊው ሃዋርድ ስኪፐር በ1960ዎቹ በአይጥ ደም ካንሰር ላይ ባደረገው ጥናት፣ አንድ ዙር መድኃኒት የሚገድለው የተወሰነ ቁጥር ሳይሆን የተወሰነ እጅ መሆኑን አሳየ። ከአንድ ሺህ 999ኙን የሚገድል መድኃኒት አለ እንበል። ጎበዝ መድኃኒት ነው! ከቢሊዮኑ ግን አንድ ሚሊዮን ሕዋስ ይተርፋል። በራጅ የማይታይ፣ በእጅ የማይዳሰስ አንድ ሚሊዮን።

ከእነዚህ መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ጥቂቶች ካሉ ተመልሰው ዓለማቸውን ያያሉ። መድኃኒት «ሀ»ን የሚቋቋመው ከሚሊዮን አንድ ቢሆን፣ መድኃኒት «ለ»ንም የሚቋቋመው እንዲሁ ከሚሊዮን አንድ ቢሆን፣ ሁለቱንም የሚቋቋም ሕዋስ የሚገኘው ከሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን አንድ ይሆናል። በወረቀት ላይ ሲታይ በጣም ያጓጓል።

ሐኪሞቹ ሦስት ሕግ አወጡ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ መድኃኒት ብቻውንም ቢሆን የሚሠራ ይሁን። ሁለተኛ፣ ሕዋሱን የሚያጠቁበት መንገድ ይለያይ። ሦስተኛ፣ ሁለቱም አንድ አካል ላይ አይዝመቱ፤ አንዱ መቅኒን የሚጎዳ ከሆነ ሌላው መቅኒን የሚምር ይሁን። በዚህ መንገድ ኤሚል ፍራይና ኤሚል ፍራይሪች የልጆችን የደም ካንሰር፣ ቪንሰንት ዴቪታ ደግሞ ሆጅኪን የተባለውን የንፍፊት ካንሰር በ1960ዎቹ በብዙ መድኃኒት ተዋጉ። ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች ድነው ወደ ቤታቸው ገቡ።

የሳንባ ካንሰርስ? ወዮ! ሂሳቡ እዚህ እንዳማረ አልቀጠለም። ዕጢው ሲታወቅ አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ሆኖ፣ ተሰራጭቶ ነው። የሕዋሳቱም ዓይነት ብዙ ነው። ታማሚዎቹ በዕድሜ የገፉ፣ ከማጨስ የተነሳ ልባቸውና ሳንባቸው ቀድሞ የደከመ ናቸው። መድኃኒት በተጨመረ ቁጥር ጉዳቱም ይጨመራል።

የፕላቲነሙ አጋጣሚ

እዚህ ላይ አንድ የፊዚክስ ሰው ሳይጠራ መጣ። ሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያለው ባርኔት ሮዘንበርግ የሚከፈል ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ማግኔት ዙሪያ የተበተነ የብረት ብናኝ መሰለው። «ኤሌክትሪክ የሕዋስ ክፍፍልን ይነካው ይሆን?» አለ። ባክቴሪያዎች ባሉበት ፈሳሽ ውስጥ ሁለት የፕላቲነም ኤሌክትሮዶች ከትቶ ኤሌክትሪክ ለቀቀ። ባክቴሪያዎቹ መከፈል አቁመው እንደ ክር ረዘሙ፤ አንዳንዶቹ ከመደበኛው 300 እጥፍ ድረስ!

ኤሌክትሪኩ ነው? አልነበረም። ምንም አይነካውም የተባለው ፕላቲነም ቀስ እያለ ፈሳሹ ውስጥ እየሟሟ አዲስ ውህድ ፈጥሮ ነበር። ግኝቱ በ1965 ታተመ። በ1969 ደግሞ ከእነዚህ ውህዶች አንዱ፣ ዛሬ ሲስፕላቲን የምንለው፣ የአይጦችን ዕጢ እንደሚያጠፋ ታየ። መድኃኒቱ የሕዋሱን ዲ ኤን ኤ ያስርና እንዳይገለበጥ ያደርገዋል።

በሰው ላይ ሲጀመር ግን ከባድ ነበር። ኩላሊት ይጎዳል፣ ጆሮ ያደነቁራል፣ ማስመለሱም ከሌሎቹ ሁሉ የባሰ ነው። የኩላሊቱን ጉዳት የቀነሰው ነገር ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት። ማስመለሱን የሚያስታግሱ ጥሩ መድኃኒቶች የመጡት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሲስፕላቲን በ1978 በአሜሪካ ለዘር ፍሬና ለእንቁልጢ ካንሰር ተፈቀደ። ለሳንባስ?

«ምንም ካለማድረግ ይሻላል?»

በ1980ዎቹ የካናዳ ተመራማሪዎች ብዙዎች የሸሹትን ጥያቄ አነሱ። ሁለት ቅመራዎችን እርስ በርስ ከማወዳደር በፊት፣ ኬሞቴራፒ ጭራሽ ካለመስጠት ይሻላል ወይ? ካርድ ያልወጣለት ሰው ተጣለ ማለት አይደለም። የማነጻጸሪያው ቡድን የሕመም ማስታገሻ፣ ለኢንፌክሽን መድኃኒት፣ ሲያስፈልግ የጨረር ሕክምና ሁሉ ያገኝ ነበር። የሚቀርበት ኬሞው ብቻ ነው።

ውጤቱ በ1988 ወጣ። ኬሞ ያላገኙት መካከለኛ የመኖሪያ ጊዜ 17 ሳምንት ሆነ። ሲስፕላቲን ከሁለት ሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያገኙት 24.7 ሳምንት፣ ሲስፕላቲን ከቪንደሲን ጋር ያገኙት ደግሞ 32.6 ሳምንት። «መካከለኛ» ስንል እንዲህ ነው፦ ታማሚዎቹን ቀድሞ ከሞተው ጀምሮ በሰልፍ ብትደረድሯቸው ልክ መሃል ላይ የሚቆመው ሰው የኖረበት ጊዜ። ግማሾቹ ከእሱ ያነሰ፣ ግማሾቹ ከእሱ የበለጠ ኖረዋል።

ክርክሩ ግን አልቆመም። ሌሎች ትንንሽ ሙከራዎች ልዩነት አላገኙም ነበርና። ትንሽ ሙከራ እንደ ትንሽ ወንፊት ነው፤ ስስ የሆነውን ልዩነት ከአጋጣሚ ለይቶ ለመያዝ አይበቃም። ስለዚህ ከብዙ አገሮች የመጡ ተመራማሪዎች የእያንዳንዱን ሙከራ የታማሚ በታማሚ መዝገብ ሰብስበው አንድ ላይ ቆጠሩት። 52 ሙከራ፣ 9,387 ሰው። በ1995 ታተመ።

ሁለት ነገር ተገኘ። የመጀመሪያው ያስደነግጣል፦ የሰናፍጩ ጋዝ ዘመዶች የሆኑት የድሮዎቹ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ሲሰጡ ከመጥቀም ይልቅ የመጉዳት ምልክት አሳዩ። ለዓመታት ሐኪሞች በቅን ልብ፣ ታማሚዎችም በተስፋ የተቀበሉት መድኃኒት! ሁለተኛው ደግሞ የሚያጽናና ነው፦ የተሰራጨ ነን ስሞል ሴል ካንሰር ላለባቸው፣ ሲስፕላቲን ያለበት ቅመራ ከአንድ ዓመት በኋላ ከመቶ ሰዎች ተጨማሪ አሥሩን በሕይወት ያቆያል። መካከለኛው ትርፍ አንድ ወር ተኩል ነበር። ያቺ ስድስት ሳምንት እቺ ናት።

አራቱ እኩል ወጡ

በ1990ዎቹ አዳዲስ መድኃኒቶች መጡ። አንደኛው፣ ፓክሊታክሰል፣ መነሻው በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የሚበቅል የዛፍ ቅርፊት ነው። እያንዳንዱ ወገን «የእኔ ቅመራ ይበልጣል» ማለት ጀመረ። ታዲያ መለያው ምን ይሁን? ያው ዕጣ ነዋ!

በጆን ሺለር በተባለች ሐኪም መሪነት አሜሪካ ውስጥ 1,207 ታማሚዎች በዕጣ ወደ አራት ቅመራዎች ተመደቡ። ሁሉም ቅመራዎች ፕላቲነም ያለበት መድኃኒትና አንድ አዲስ መድኃኒት የያዙ ናቸው። በ2002 የወጣው ውጤት ባጭሩ፦ አንዱም ከሌላው አልበለጠም። መካከለኛ የመኖሪያ ጊዜው 7.9 ወር፤ ከመቶው 33ቱ አንድ ዓመት፣ 11ዱ ሁለት ዓመት ደረሱ። በጉዳት ረገድ ግን ይለያዩ ነበር፤ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል የተጣመሩበት ቀለል ብሎ ተገኘ።

ይህ ሙከራ ሌላም ነገር አስተማረ። መጀመሪያ ላይ በጣም የደከሙ ታማሚዎችም ይመዘገቡ ነበር። መድኃኒቱ ክፉኛ ሲጎዳቸው ተመራማሪዎቹ እነሱን መመዝገብ አቆሙ። የካርኖፍስኪ ጥያቄ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ትክክል ነበር ማለት ነው፦ ከዕጢው በፊት ሰውየውን እይ።

«አራቱም እኩል» የሚለው ውጤት ውድቀት ይመስላል። አይደለም። «አዲሱና ውዱ ካልሆነ» ብሎ ቤቱን ለመሸጥ ለተነሳ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ዜና ነው። ለሳይንቲስቶቹም ግድግዳው የቱ ጋ እንዳለ አሳያቸው። የቆዩትን መድኃኒቶች እየቀያየሩ ማጣመር ከዚህ ብዙም አይሻገርም፤ ሌላ በር መፈለግ አለበት።

በሩ ከሁለት አቅጣጫ ተከፈተ። በ2010 ቦስተን ውስጥ 151 ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ፣ ከመደበኛው ሕክምና ጎን ለጎን ሕመምን፣ ጭንቀትንና የቤተሰብን ሸክም የሚያቀል እንክብካቤ ገና ከጅምሩ ያገኙት የተሻለ ኑሮ ኖሩ። በዚያ ላይ መካከለኛ ዕድሜያቸው 11.6 ወር ሆነ፤ ሌሎቹ 8.9። በሕይወታቸው ማብቂያ ላይ የወሰዱት ኬሞ እንኳ ያነሰ ነበር።

በ2018 ደግሞ ሰውነት በራሱ የመከላከል ኃይል ካንሰሩን እንዲያጠቃ የሚያግዝ ፔምብሮሊዙማብ የተባለ መድኃኒት ከኬሞው ጋር ተጣምሮ በ616 ሰዎች ላይ ተፈተነ። ከአንድ ዓመት በኋላ ከመቶው 69ኙ በሕይወት ነበሩ፤ ኬሞውን ብቻ ካገኙት ግን 49ኙ። ልብ በሉ፣ ያ የድሮ ፕላቲነም አሁንም ከቅመራው ውስጥ አልወጣም።

ቴሌግራም ላይ «አዲስ የካንሰር መድኃኒት ተገኘ!» የሚል ስታዩ

ሦስት ነገር ጠይቁ። ከማን ጋር ተወዳደረ? ሰዎቹ የተመደቡት በዕጣ ነው ወይስ በምርጫ? የተቆጠረውስ የዕጢው መጠን ነው ወይስ ሰዎቹ ስንት ጊዜና እንዴት እንደኖሩ? ሦስቱም ካልተመለሱ ዜናው ገና ዜና አልሆነም።

በ1995ቱ ቆጠራ ውስጥ ያሉት 9,387 ሰዎች አብዛኞቹ ሲመዘገቡ ለእነሱ የሚበጃቸው የትኛው ወገን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ሐኪሞቹም አያውቁም። «አላውቅም» ብሎ በግልጽ የተናገረ ሐኪምና «እሺ፣ ዕጣው ይውጣ» ያለ ታማሚ ተገናኝተው ነው ቁጥሩ የተገኘው። ዛሬ ሐኪሙ ፊት የተቀመጠው ሰው «ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ ሲያስብ፣ የሚያመዛዝነው እነሱ በተዉለት ቁጥር ነው።